ስለ ገንዘብ ሚዛንና ሐሰተኛይቱን ብር አሳልፎ ስለ መስጠት

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፥ የበርበሬ ምርት ወደ ገበያ በሚወርድበት ጊዜ፥ በሀድያ አገር በሻሾጎ ወረዳ በቦኖሻ ገበያ የሆነ አንድ ነገር ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ምክንያት ሆነን። ነገሩ በመጠኑ ትንሽ ነው፤ ከእርሱ የተነሣውን ጥያቄ ግን ትንሽ ሆኖ አላገኘነውም።

ባልዋ የሞተባት፥ አራት ልጆች የምታሳድግ አንዲት ምእመን የዓመት በርበሬዋን ከሩቅ ለመጣ ነጋዴ ሸጠች። ከተቀበለችው ገንዘብ አንዲቱን ባለ 200 ብር ወረቀት ይዛ ጨውና ዘይት ልትገዛ ወደ ሱቅ በገባች ጊዜ፥ ባለ ሱቁ ወረቀቱን በጣቱ አሻሽቶ፥ ወደ ፀሐይ ብርሃን አንሥቶ ከተመለከተ በኋላ «ይህ ሐሰተኛ ነው» ብሎ መለሰላት። ወደ ነጋዴው ብትሮጥ ጭነቱን ጭኖ ሄዷል። በመንገድ ያገኘቻት ጎረቤትዋም «ሲመሽ፥ ገበያው ሲበተን፥ ለማያጣራ ሰው ስጪው፤ አንቺስ የተቀበልሽው እንደዚሁ አይደለምን?» ብላ መከረቻት። እርስዋ ግን ምክሩን አልተቀበለችም፤ ወረቀቱን በመቀነትዋ ቋጥራ አሳድራ፥ በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ በአጸዱ ዛፍ ጥላ ተቀምጠን ሳለ ወደ እኛ መጣች።

«አባታችን፥ ይህን ወረቀት እኔ አልሠራሁትም፤ በላቤ ፍሬ የተቀበልኩት ነው። ለሌላ ባሳልፈው ኀጢአቱ የማን ይሆናል? የሠራው ነው፥ የሰጠኝ ነው፥ ወይስ የእኔ ነው?» አለችን። ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና «ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ያን ቀን ክብደት እንዲያነሣ ብዬ በርበሬውን ውኃ ረጭቼበት ነበር። እግዚአብሔር በሰፈርኩት ሰፍሮልኝ ይሆንን?» አለች።

ይህን የተናገረችው በኑዛዜ አይደለም፤ ሁለት ሽማግሌዎች ከእኛ ጋር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ስምዋን እንዳንጠራ ብቻ ለምና፥ ነገሩን ለሌላው ትምህርት እንድናደርገው ፈቅዳልናለች። እኛም በዚያ ቀን መልስ አልሰጠናትም፤ «ልጄ፥ በሚመጣው እሑድ ተመለሺ» ብለን አሰናበትናት። አንባቢ ይህን የመምህር ጥንቃቄ አድርጎ እንዳይቈጥርልን እንለምናለን። የዘገየንበት ምክንያት ሌላ ነው፤ በስፍራው እንገልጠዋለን።

አስቀድሞ የገንዘብ ሚዛን ምን እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። አባታችን አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በገዛ ጊዜ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ እንጂ ቈጥሮ አልሰጠም። በዚያ ዘመን ብር እንደ እህል የሚመዘን ነበርና፥ ሻጭና ገዢ በሚዛን ፊት ቆመው በዐይናቸው ይተያዩ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት መካከል ግን በልድያ አገር ነገሥታቱ ወርቁንና ብሩን በልክ እየቈረጡ ማኅተማቸውን ያትሙበት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሰው ገንዘብን መመዘን ትቶ መቍጠር ያዘ። ማኅተሙ ጌጥ አይደለም፤ «እኔ መዝኜዋለሁ፥ አንተ ደግመህ አትመዝን» የሚል የንጉሥ ቃል ነው። ስለዚህ የቀለለች ገንዘብ የሚሠራ ሰው ሁለት በደል ይሠራል፤ የተቀባዩን ሀብት ይሰርቃል፥ ደግሞም በሌላ ሰው አፍ ይምላል።

መጻሕፍት ይህን ነገር ምን ያህል እንደሚያከብዱት የሚያነብ ያውቀዋል። በኦሪት የሚዛኑ ልክ የተጠበቀው በመቅደስ ነበር፤ «የመቅደስ ሰቅል» የተባለው ስለዚህ ነው፥ ልኩም 20 አቦሊ ነው። ለነፍስ ቤዛ የሚሰጠው ግማሽ ሰቅል ለባለጠጋ እንዳይበዛ፥ ለድሃም እንዳያንስ ታዝዞ ነበር። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ያንኑ ልክ ደግሞ ያሳሰበው ሕዝቡን ይቀሙ ለነበሩት አለቆች ነው። የአሞጽ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል። የእስራኤል ነጋዴዎች መስፈሪያውን ያሳንሱ፥ ሰቅሉንም ያከብዱ እንደነበር ይከሳቸዋል። ብዙ ሰው መስፈሪያውን ማሳነስ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሰቅሉን ማክበድ ግን ምን እንደሆነ አያስተውልም። እህሉን ሲሸጡ በትንሽ ቍና ይሰፍራሉ፤ የገዢውን ብር ሲቀበሉ ግን ብሩን የሚመዝኑበትን ድንጋይ ያከብዱታል። ስለዚህ ድሃው በአንዱ ገበያ ሁለት ጊዜ ይዘረፋል፤ አንድ ጊዜ በሚወስደው፥ አንድ ጊዜ በሚሰጠው።

ኦሪት ዘዳግም ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ታላቅና ታናሽ ሚዛን በከረጢት አብረው እንዳይገኙ ይከለክላል። ልብ እንበል፤ በሐሰተኛው ሚዛን መመዘንን ብቻ ሳይሆን መያዙንም ነው የከለከለው። ሐሰተኛ ድንጋይ በከረጢት ተቀምጦ ዝም አይልም፤ የመመዘኛውን ቀን ይጠብቃል። በመቀነት የተቋጠረችው ሐሰተኛ ብርም እንደዚያው ናት፤ ዛሬ ባታልፍ የችግር ቀን ሲመጣ እጅን ትጠራለች።

ሚዛንን በመቅደስ የመጠበቅ ሥርዓት ከኦሪት ጋር አላለፈም። የቍስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ዓመት ባወጣው ሕግ የሚዛንና የመስፈሪያ ልኮች በየከተማው በቤተ ክርስቲያን እንዲቀመጡ አዝዟል። በሃይማኖት ከአባቶቻችን የተለየ ንጉሥ ቢሆንም በዚህ መልካም አድርጓል። ከእርሱ በፊት ቈስጠንጢኖስ ከአንድ የሮም ሊትር ወርቅ 72 እንዲወጣ አድርጎ ያሠራው ሶሊዱስ የተባለው ገንዘብ 4 ግራም ተኩል ያህል ይመዝን ነበር፤ ልኩንና ንጽሕናውን ሳይለቅ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ኖረ። በሚዛን የሚፈትኑበትም የናስና የመስተዋት ልክ ነበራቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ጀምሮ፥ ከንጉሡ ከእንዱቢስ አንሥቶ፥ በወርቅ፥ በብርና በናስ ገንዘብ አስቀርጸዋል። ኢዛና በክርስቶስ ባመነ ጊዜ የጨረቃና የክብ ምልክቱን ከገንዘቡ አንሥቶ መስቀልን አኖረበት። ወርቁ ከቈስጠንጢኖስ ዘመን ወዲህ 1.6 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በናሱ ገንዘብ ላይ «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጓሜ ያለው የጽርእ ጽሕፈት ተቀርጿል። ለእኛ ይህ ቃል ከብዙ የነገሥታት ማዕርግ ይበልጥብናል፤ ንጉሡ በገንዘቡ ላይ ስለ ራሱ ክብር ብቻ ሳይሆን ስለሚቀበለው ሰው ደስታ አስቧልና። ደግሞም በብሩና በናሱ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ለሁሉ የሚታይ፥ ጨምሮ የሚሰጥ እንጂ ቀንሶ የሚሰጥ አይደለምና።

ሐዘኑ በኋላ መጣ። አስቀድሞ ከመቶ እጅ ከ90 በላይ ንጹሕ ወርቅ የነበረው ገንዘብ በመጨረሻዎቹ ነገሥታት ዘመን እጅግ ተደባለቀ። የወርቁ ክብደት ከልኩ ብዙም ሳይርቅ ንጽሕናው ብቻ ወረደ። ይህ ሚዛን የማይገልጠው ሐሰት ነው፤ በሚዛን ብታኖረው እውነት ይመስላል። ኢሳይያስ ኢየሩሳሌምን በሚወቅስበት ስፍራ ብሯ ዝገት መሆኑን፥ ጠጅዋም ከውኃ መደባለቁን በአንድነት ያነሣው አለ ነገር አይደለም። ስለዚህም በእኅታችን በርበሬ ላይ የተረጨው ውኃ ከአክሱም የመጨረሻ ወርቅ ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

ከአክሱም በኋላ አገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት የራስዋን ገንዘብ አልቀረጸችም። አሞሌ ጨው፥ ሸማ፥ በሚዛን የሚሰጥ ወርቅ በገንዘብ ፋንታ ይዘዋወሩ ነበር። አሞሌ ከአፋር የጨው ምድር እየራቀ በሄደ ቍጥር ዋጋው ይጨምራል፤ መጠኑ ግን በእጅ ብዛት ይፈቀፈቃል፥ ዝናብም ያሟሟዋል፥ ከጠርዙ ሰብሮ ለወጡ የሚያስቀርም አይጠፋም። በኋላም ጠገራ ብር መጣች። የኦስትርያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለባት፥ 28 ግራም ከጥቂት የምትመዝን፥ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር የሆነች ገንዘብ ናት። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘች፥ ያንኑ ልክ እንደጠበቀች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ስትቀረጽ ኖረች። የማለችው ሰው ሞታ መሐላዋ ቀረ ማለት ነው። የእኛ ገበሬ የኦስትርያን አገር አያውቅም፤ የንግሥቲቱን ስም እንኳ አጣርቶ አይጠራም፤ ነገር ግን በትከሻዋና በራስዋ ያለውን ፈርጥ ተመልክቶ፥ በድንጋይ ጥሎ ድምፅዋን ሰምቶ ይቀበላት ነበር። አንጥረኛም ወርቅ ሲመዝን በሌላው ወገን የሚያኖረው እርስዋን ነበር፤ አንዲት ጠገራ አንድ ወቄት ሆነችለት። ዛሬ በየአንገታችን ካለው የብር መስቀል ብዙው ከእርስዋ ቀልጦ የተሠራ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. መልካቸውን ያኖሩበትን ብር በፓሪስ አስቀረጹ። ክብደቱ ከጠገራው ጋር ትክክል ያህል ነው፤ ንጽሕናውም ከ1000 እጅ 835 ነበርና በጥቂት ይበልጥ ነበር እንጂ አያንስም። እንዲህም ሆኖ የገጠሩ ሕዝብ ለብዙ ዘመን ጠገራዋን መረጠ። አንዳንዱ ጸሓፊ ይህን የሕዝቡ አለማወቅ ነው ይላል፤ እኛ ግን እንዲያ አንልም። መታመን በአዋጅ አይቀረጽም፤ ብዙ እጅ ለብዙ ዘመን ሳያፍርበት ያሳለፈው ነገር ነው። ይህም ለካህን ትልቅ ትምህርት አለው፤ የልብሱ ማኅተም ትናንት ቢሰጠው መታመኑ ግን ትናንት አልተሰጠውም።

ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር በተነሣ ጊዜ፥ በ1935 እ.ኤ.አ.፥ የዚህችን ብር መቅረጫ ከኦስትርያ ተቀብሎ በሮም ያስቀርጻት ጀመር። መልኩ ያው፥ ክብደቱ ያው፥ ብሩም ያው ነው። ታዲያ ሐሰተኛ ገንዘብ እንበለውን? በሚዛን የሚከሰስበት የለም። ነገር ግን ሰው በዘመናት ያመናትን መልክ ወስዶ ያንኑ ሰው ለመግዛት መጠቀም ምን ይባላል? እኛ እንዲህ እንላለን፤ ገንዘቡ እውነተኛ ነው፥ የሰጪው እጅ ግን ሐሰተኛ ነው። ከዚህም የምንማረው ገንዘብን የሚመዝነው ሚዛን ሰጪውን የማይመዝን መሆኑን ነው።

ከነጻነት በኋላ ሽልንግ፥ ሊሬ፥ ሩፒና ጠገራ በአንድ ገበያ ተደባልቀው ከቈዩ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በአዋጅ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ ጠገራዋም ከሕጋዊ ገንዘብነት ወረደች። ወረቀት ሲመጣ ክብደት ጠፋ። 200 ብር የተጻፈባት ወረቀትና 10 ብር የተጻፈባት ወረቀት በሚዛን ብታኖራቸው የሚለያዩት በእፍኝ ጤፍ ውስጥ እንዳሉ ቅንጣቶች ነው። እንግዲህ ሚዛኑ የት ሄደ? ወደ መሐላው ሁሉ ገባ። በ2013 ዓ.ም. የብር ወረቀቶች በተለወጡና ባለ 200 ብር በተጨመረ ጊዜ የአሮጌዎቹ ዘመን በጥቂት ወራት እንደ ተፈጸመ ሁላችን አይተናል፤ ወረቀቱ ሳይለወጥ መሐላው ስለተነሣበት ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ በዚህ ስፍራ «መንግሥት ራሱ ብሩን ሲያቀልስ ማን ይከሰሳል?» ብሎ ጠየቀን፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ እጅግ መውረዱን ማለቱ ነው። በአዋጅ በገሃድ የሚደረግና በስውር የሚደረግ አንድ አይደሉም፤ የገንዘቡን ብልሃት ለሚያውቁት እንተዋለን። ነገር ግን በገሃድ መደረጉ ብቻውን ሁሉን ነገር ንጹሕ አያደርገውም፤ የአሞጽ ነጋዴዎች ሰቅሉን ሲያከብዱ የተጐዳው ማን እንደነበር ባለ ሥልጣንም ቢያነብ መልካም ነው።

አሁን ወደ እኅታችን ጥያቄ እንመለስ። ሐሰተኛይቱን ብር ሳያውቅ የተቀበለ ሰው ኀጢአት የለበትም፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ካወቀ በኋላ ግን በእጁ ያለው ነገር ተለውጧል። ትናንት ገንዘብ መስሎት የያዘው፥ ዛሬ ገንዘብ አለመሆኑን የሚያውቀው ወረቀት ነው። ይህን አውቆ ለሌላ የሚሰጥ ሰው «እኔ አልሠራሁትም» ቢል እውነት አይሆንለትም። በማተሚያ የሠራው ሰው የሠራው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ገንዘብ የሚመስለው ግን አንድ ሰው ለአንድ ሰው በእጁ ሲሰጠው ነው። ስለዚህ አውቆ የሚያሳልፍ ሁሉ እንደገና ይሠራታል።

«የጠፋብኝን መመለሴ ነው» የሚል ይኖራል። በሬው የተሰረቀበት ሰው የጎረቤቱን በሬ ቢነዳ የጠፋውን መለሰ ይባላልን? ጥፋቱ የደረሰው ከነጋዴው ዘንድ ነው፤ ብሯ ብታልፍ ጥፋቱ አይጠፋም፥ ስፍራ ይለውጣል እንጂ። ወዴት እንደሚሄድም እንመልከት። ጎረቤትዋ «ሲመሽ ለማያጣራ ሰው ስጪው» ነው ያለቻት። የማያጣራ ሰው ማን ነው? ዐይኑ የደከመ ሽማግሌ ነው፥ ወተት ሊሸጥ የተላከ ሕፃን ነው፥ ማንበብ የማትችል እንግዳ ናት። ባለ ሱቁማ አጣርቷል፤ ስለዚህ ወደ እርሱ አትሄድም። ሐሰተኛ ብር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ትወርዳለች፥ ያሳለፋት ሁሉ ከእርሱ ይልቅ ደካማ የሆነውን ይፈልጋልና። በዚያ ምክር ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ የከፋው ይህ የሰው መምረጥ ነው።

ስለ ውኃው ደግሞ። «እግዚአብሔር በሰፈርኩት ሰፈረልኝ» ማለትዋ ከልብ መሰበር የመጣ ነውና እናከብረዋለን፤ እንደ ቃሉ ግን አንቀበለውም። እግዚአብሔር በሐሰተኛ ገንዘብ ዕዳ አይከፍልም፤ ነጋዴውም የእግዚአብሔር መልእክተኛ አልነበረም። እርሱም ወረቀቱን ከሌላ ሳያውቅ ተቀብሎት ይሆናል። ሁለት ሐሰተኛ ሚዛኖች ቢገናኙ አንዱ ለአንዱ ካሣ አይሆንም፤ እርስ በርሳቸው አይሰረዙም። እርስዋ የተበደለች ናት፥ ደግሞም ባለ ዕዳ ናት፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ነው። ነጋዴው ባይገኝ ዕዳዋ በድሆች እጅ ይከፈላል፤ ዘኬዎስ የሰበሰበውን እንዴት እንደ መለሰ የምታውቅ ስለሆነች በዚህ ብዙ አላስተማርናትም።

በዚህ መካከል አንድ ወጣት ዲያቆን ሲሰማ ቆይቶ «የኔታ፥ በላዔ ሰብእስ?» አለን። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በተአምረ ማርያም እንደምናነበው ያ ሰው 78 ነፍስ በልቶ፥ ለተጠማ ድሃ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ። ዲያቆኑ «በሰማይ ጥርኝ ውኃ 78 ነፍስ ከመዘነ፥ በምድር ይህን ያህል ስለ ሚዛን መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል?» ማለቱ ነበር። ብዙዎች በልባቸው ይዘውት በአፋቸው የማይናገሩት ነገር ነውና ስለ መጠየቁ አመሰገንነው።

መልሱን ከቦኖሻ ገበያ ወሰድንለት። እህል የምትሸጥ ሴት ጣሳውን ሞልታ፥ ነቅንቃ፥ ጫፉን ከደፋች በኋላ በእጅዋ ዘግና ትጨምራለች፤ ይህን ምርቃት እንለዋለን። ምርቃት ምርቃት የሚሆነው ጣሳው አስቀድሞ ከሞላ ነው። ጣሳውን በሥር በኩል ደፍጥጣ አሳንሳ ከዚያ አንድ እፍኝ ብትጨምር፥ የሰጠችው የገዢውን የራሱን እህል ነው፤ ምስጋናውን ደግሞ ሰርቃ ወሰደች። በበላዔ ሰብእም ፍርድ ሚዛኑ አልተጣመመም። 78ቱ ነፍስ አልተቀነሱም፥ አልተረሱም፤ በሚዛኑ ላይ ነበሩ። ውኃውም ከጥርኝ በላይ ነው አልተባለም። የእመቤታችን ጥላ አረፈበትና ደፋ፤ እርስዋም ይህን ያደረገችው ፍርዱ ገንዘቡ ከሆነው ከልጅዋ በተቀበለችው ቃል ኪዳን ነው። ምሕረት ባለቤቱ ከራሱ የሚጨምረው ምርቃት ነው። እኛ በሰው ገንዘብ መሐሪ ልንሆን አንችልም፤ ለራሳችንም በሌላው ኪሣራ ምሕረት ልናደርግ አይገባንም። ዲያቆኑ ይህን ሰምቶ ዝም አለ፤ እንደ ተቀበለው ወይም እንደ ደከመው ግን አላወቅንም።

እንግዲህ በዚያች ቀን ለምን እንዳልመለስንላት እንናገር። ከዚያ አስቀድሞ፥ በምናገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ተከፍቶ ሲቈጠር ሁለት ሐሰተኛ ባለ 200 ብር ወረቀቶች ተገኙ። ሰዎች የተቀደደውንና የማያልፈውን ለእግዚአብሔር ማኖራቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህ ራሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ከቈጣሪዎቹ አንዱ «እኛ አልሠራነውም፤ በመካከል አድርጉት» አለ፤ ሌሎቹም ዝም አሉ። ጣሪያው ያፈስ ነበር፥ ሠራተኞቹም ደመወዛቸውን ይጠብቁ ነበር። እኛም በማዕዱ ራስ ተቀምጠን ነበር፤ አየን፥ ዝም አልን። ወረቀቶቹ በቀን ሠራተኞች ደመወዝ ውስጥ ገቡ። በማግሥቱ ጭቃ ሲያቦካ የነበረ አንድ ወጣት ሁለቱን ወረቀቶች ይዞ ተመልሶ መጣ፤ «ከዚህ የወጣ አይደለም» ተብሎ ተመለሰ። በዚያም ጊዜ ቆመን ነበር። የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚጮኽ ስንት ጊዜ አስተምረናል!

ስለዚህ እኅታችን ወረቀትዋን ዘርግታ «ኀጢአቱ የማን ነው?» ባለችን ጊዜ የምትጠይቀው እኛን መሰለን። እርስዋ አንዲት ወረቀት አንድ ሌሊት በመቀነትዋ አሳድራ እንቅልፍ አጣች፤ እኛ ሁለቱን አሳልፈን ስንቀድስ ከረምን።

በሳምንቱ ውስጥ ወጣቱን ፈለግነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ወንጂ ሄዷል፤ እናቱን ግን አገኘናት። 400 ብር ከራሳችን ሰጠናትና ምክንያቱን ሳንሸፍን ነገርናት። ጥቂት አሰበችና «እርሱ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አታደርግም ብዬ እርሱን ገሠጽኩት» አለች። ከዚህ ቃል በላይ የከበደ ነገር በዘመናችን ሁሉ አልሰማንም። ለልጅዋ እንድትልክለት፥ ይቅርታችንንም እንድታደርስልን ለመንናት።

እሑድ ሰበካ ጉባኤው ሲሰበሰብ ነገሩን በፊታቸው ተናገርን፤ እኅታችንም በዚያ ነበረች። ሐሰተኛ ወረቀት ከሙዳየ ምጽዋት ሲገኝ በመዝገብ ተጽፎ ለሕግ ክፍል እንዲሰጥ፥ ኪሣራውንም ቤተ ክርስቲያኒቱ እንድትችለው አሳብ አቀረብን። ያን ቀን «በመካከል አድርጉት» ያለው ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልተስማማም። «አባታችን፥ እንዲህ ከሆነ ሐሰተኛ ብር ሁሉ መጨረሻዋ ከእኛ ዘንድ ሊሆን ነው» ይላል። እኛም «አዎን፥ የሚቻል ቢሆን እንዲያ ብትሆን ምን ነበረ?» አልነው፤ እርሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ያን ጣሪያ በገዛ እጁ ያለበሰ ነው።

የእኅታችንን 200 ብር ተሰብሳቢዎቹ ከየኪሳቸው አዋጥተው ሰጧት። ሐሰተኛይቱን ወረቀት በማዕዱ ላይ አኖረች፤ የተሰጣትንም ቈጥራ 150 ብሩን በመቀነትዋ ቋጠረች። ባለ 50 ብር ወረቀቷን ግን ይዛ ወደ ሙዳየ ምጽዋቱ ሄደች። «ምነው?» ብንላት «ውኃው ይህን ያህል ሳይመዝን አይቀርም» አለችንና ጨመረችው።